ጳጉሜ የሌለው ባንክ

እናቴን «ደኅና ነሽ ወይ?» ብሎ የጠየቀ ሰው ሁሉ የሚያገኘው መልስ አንድ ነበር። «ቤቴ ቆሟል፣ እግዜር ይመስገን» ትላለች። ስለ ጉልበቷ፣ ስለ ዓይኗ፣ ስለ እኔ ስለ ልጇ የምታወራው ከዚያ በኋላ ነው። እኔ ከቤቱና ከበጎቹ ቀጥዬ ሦስተኛ ነበርኩ፤ በጎቹ በታመሙበት ዓመት ደግሞ ጭራሽ ሳልነሳ የቀረሁበት ጊዜ አለ።

ነገሩ እንዲህ ነው። አባቴ የሞተው መንዝ፣ መሐል ሜዳ ከተማ ውስጥ በኪራይ ቤት ነው። አከራያችን በዚያው ሳምንት ልጃቸውን የሚድሩ ሴትዮ ነበሩና የለቅሶ ድንኳን በራቸው ላይ እንዲተከል አልፈቀዱም። «ሬሳውን በጓሮ በር አውጡልኝ፣ ለሠርግ ገድ አይደለም» አሉ። እናም አባቴን፣ ኪራይ አንድ ቀን አሳልፎ የማያውቀውን ሰው፣ በጎመኑና በሽንት ቤቱ መካከል አጎንብሰን አወጣነው። እናቴ ያን ቀን አላለቀሰችም። ከአርባው በኋላ ግን ጠርታኝ «የእኔ ሬሳ በጓሮ በር አይወጣም። ከገዛ ቤቴ በፊት ለፊት በር ነው የሚወጣው፤ ሰምተሻል?» አለችኝ። ሰማሁ። እኔ የአራተኛ ክፍል አስተማሪ ነኝ፤ በዚያን ጊዜ ደመወዜ የበሩን ማጠፊያ ይገዛ እንደሆን እንጂ በሩን አይገዛም ነበር።

ግንባሩ አገር በሚመራበት በዚያ ዘመን ልማት በየግድግዳው ላይ ይጻፍ ነበር። እውነቱን ለመናገር አንዳንዱ ከግድግዳው ወርዶ እኛም ጋ ይደርሳል። ከደረሰን አንዷ አንዲት ትንሽ ባንክ ናት። ሥራ አስኪያጁ በግና ገብስ ያሳደጋቸው የዚሁ አገር፣ የራቤል ሰው ነበሩ። እናቴ ከማዘጋጃ ቤት በተመራችው ቦታ ላይ ሁለት ክፍል ቤት ለመሥራት ብድር ስትጠይቃቸው፣ «ወር በወር ይክፈሉ ብልዎት በሐምሌ ከየት ያመጣሉ? እዚህ አገር ገንዘብ የሚታየው በጳጉሜ ነው። በዓመት አንድ ጊዜ፣ በዓመቱ መጨረሻ ይክፈሉ» አሏት። አሥራ ሁለት ዓመት፣ አሥራ ሁለት ክፍያ። ቤቱ መያዣ፣ እኔ ዋስ።

ሰውዬው ትክክል ነበሩ። መንዝ ዓመቱን ሙሉ ድሃ ነው፤ በጳጉሜ ግን ለእንቁጣጣሽ በግ የሚፈልገው አዲስ አበቤ ነጋዴ አይሱዙውን አሰልፎ ይመጣል፤ ያን ጊዜ ለአምስት ቀን ሀብታም እንሆናለን። መስከረም ሁለት ላይ ይለቀናል። ዕዳም፣ ዕቁብም፣ የልጅ ጫማም፣ የቤተ ክርስቲያን ስለትም የሚከፈለው በእነዚያ አምስት ቀኖች ነው። መንግሥት እንኳ ለእኛ ለአስተማሪዎቹ ለጳጉሜ ደመወዝ ባይከፍልም፣ ወሩ መኖሩን ክዶ አያውቅም።

እናቴ የምትከፍለው ጳጉሜ ሦስት፣ በሩፋኤል ዕለት ነበር። የሩፋኤል ዝናብ ጠበል ነው። ጠዋት ደጅ ወጥታ፣ ነጠላዋን ከራሷ ላይ አውርዳ፣ ፊቷን ወደ ሰማይ አድርጋ ዝናቡን ትጠግበዋለች። ከዚያ ልብሷን ሳትለውጥ፣ የሙክቶቹን ዋጋ በመቀነቷ ቋጥራ እየተንጠባጠበች ባንክ ትገባለች። ገንዘብ ያዡ በየዓመቱ «እማማ፣ ብሩ እኮ ረጥቧል» ይላታል፤ እሷም በየዓመቱ «በጠበል ነው የረጠበ፣ አትፍራ፣ አይነክስህም» ትለዋለች። ደረሰኙን ተቀብላ በረጠበ እጇ ታጥፈዋለች። ስለዚህ ደረሰኞቿ ሁሉ ጠርዛቸው ላይ ቀለማቸው የፈሰሰ ነው። በሙዳይ ውስጥ አስቀምጣ ክዳኑን በክር ታስረዋለች፤ ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባል የለ? እንዲህ እያለች አሥራ አንድ ሩፋኤል ከፈለች። አንድ ቀራት።

በቀጣዩ ዓመት በታኅሣሥ ትንሿን ባንክ ትልቁ ባንክ ወሰዳት። አንድ ቀን ጠዋት ሳልፍ ሁለት ሰዎች መሰላል ላይ ወጥተው የድሮውን ሰሌዳ በመዶሻ እያወረዱ አየሁ። በሩ ላይ «የተከበራችሁ ደንበኞቻችን፣ ባንኮቹ በተሻለ አቅም ሊያገለግሏችሁ ተዋሕደዋል» የሚል ማስታወቂያ ተለጥፏል። የራቤሉ ሥራ አስኪያጅ በዚያው ሰሞን ጡረታ ወጡ ተባለ። በወሬ ወሬ እኔ ይህን ለእናቴ ስነግራት የንስሐ አባቷ አጠገባችን ተቀምጠው በሶ እየጠጡ ነበር። እሳቸው ባሕረ ሐሳብ የሚያስተምሩ ሊቅ ናቸው፤ የኔታ እንላቸዋለን።

«ተዋሕደዋል ይላል?» አሉ የኔታ።

«ይላል።»

«ተዋሕዶ እንግዲህ ያለ መቀላቀል፣ ያለ መለወጥ፣ ያለ መለያየት ነው። ሰሌዳቸው የት ደረሰ?»

«ተነቅሎ ወረደ።»

«ሥራ አስኪያጁስ?»

«ጡረታ።»

«ታዲያ ይህ አንዱ አንዱን ዋጠው የሚለው የመናፍቃን ትምህርት ነው እንጂ ምኑ ተዋሕዶ ሆነ!» አሉና በሷቸውን ጨለጡ። ሳቅን። ያን ዕለት ገና የሚያስቅ ነገር ነበር።

በግንቦት ደብዳቤ መጣ። እናቴ ማንበብ ስለማትችል ቁማ እያዳመጠችኝ አነበብኩላት። «ከተበደሩበት ዕለት ጀምሮ አንድም ክፍያ ባለመፈጸምዎ፣ ዋናውን ብድር ከወለዱና ከቅጣቱ ጋር በአንድ ጊዜ እንዲከፍሉ፣ ካልሆነ ግን በመያዣ የያዝነውን ቤት በሐራጅ የምንሸጥ መሆኑን እናሳውቃለን» ይላል።

እናቴ ራሷን ነቀነቀች። «ምስኪን» አለች። «የማን እናት ትሆን?»

«እማዬ፣ ላንቺ ነው።»

«ኧረ አይደለም! በስህተት ነው እኛ ቤት ያመጡት። እይ፣ አንድም አልከፈለችም ነው የሚለው እኮ።»

ስሟን አነበብኩላት፣ የአባቷን ስም አነበብኩላት፣ የቤት ቁጥሩን አነበብኩላት። ከዚያ ቁጭ አለች። ሙዳዩን አውርጂልኝ አለችኝና ክሩን ፈታች። እኔ ግን ተናደድኩ እንጂ አልፈራሁም። ደረሰኝ እያለ ምን ይመጣል ብዬ። አይ የዋህነት!

በማግስቱ ሁለታችንም ባንክ ሄድን። የብድር ክፍሉ ሠራተኛ የድሮ ተማሪዬ ሆኖ አገኘሁት፤ ከረባት አስሯል፣ ግን ያው የአራተኛ ክፍሉ ልጅ ነው። ብድግ ብሎ እጅ ነሳንና «ቲቸር፣ ይቅርታ፣ ዛሬ ሲስተም የለም» አለ።

«እሺ፣ ነገ እንመጣለን።»

በማግስቱም ሲስተም የለም። ከዚያ ሰኞም የለም። ኮምፒዩተሩ ከአዲስ አበባ ጋር የሚገናኝበት መስመር ተቋርጧል ማለት ነው፤ በዚያ ዘመን አገሩ ሁሉ እንዲህ ነበር፤ ቀበሌም፣ ቴሌም፣ ስኳር የሚታደልበት ማኅበርም ሲስተም የለውም። እናቴ ግን ሦስተኛውን ቀን ስንመለስ «ይህ ሲስተም የሚሉት ሰውዬ ምን ዓይነት ባለጌ ነው? ደመወዝ እየበላ ሥራ አይገባም?» አለችኝ። የባንኩ ሹም መስሏት ነው። ላርማት አፌን ከፈትኩና ተውኩት፤ ሳስበው የእሷ አረዳድ ከእኔ የተሻለ ነገሩን ያስረዳል።

በአራተኛው ቀን ሲስተም መጣ። ልጁ የእናቴን ስም ጻፈ፣ ጠበቀ፣ ፊቱን አጨማደደ። «ክፍያ የለም» አለ። እኔ አሥራ አንዱን ደረሰኝ አንድ በአንድ ጠረጴዛው ላይ ደረደርኩለት። አንዱን አንስቶ አየ፣ ሁለተኛውን አየ፣ ከዚያ ሁሉንም አገላበጠ።

«ቲቸር፣ እነዚህ ሁሉ ወራቸው አሥራ ሦስት ነው የሚለው።»

«ጳጉሜ ነዋ!»

«አዎ፣ እሱስ ጳጉሜ ነው። ግን የአዲሱ ባንክ ሲስተም ከውጭ የተገዛ ነው። ወር የሚያውቀው እስከ አሥራ ሁለት ብቻ ነው። የድሮው መዝገብ ወደሱ ሲገለበጥ ወሩ አሥራ ሦስት የሆነውን ሁሉ… አልተቀበለውም።»

«አልተቀበለውም ማለት?»

«ጣለው።»

ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባም! ገንዘብ በጳጉሜ ብቻ በሚገኝበት አገር ጳጉሜን የማያውቅ ባንክ አምጥተው ተከሉልን። በኋላ ስንሰማ አንድ የባና፣ የሱፍ ብርድ ልብስ፣ ነጋዴ ጥቅምት ሠላሳ ቀን የከፈለው ጠፍቶበት ነበር፤ በፈረንጁ አቆጣጠር ሁለተኛው ወር ሠላሳ ቀን የለውምና። እኔ ይህን ልጅ ወሮችን በዜማ ያስጠናሁት ሰው ነኝ። «መስከረም ብለህ ቁጠርልኝ እስኪ» ልለው ምንም አልቀረኝም ነበር።

በዚያ ላይ ደግሞ ከራሱ በላይ ግድግዳው ላይ ባንኩ ለደንበኞቹ በነፃ የሚያድለው የቀን መቁጠሪያ ተሰቅሏል። ተነሥቼ ገለጥኩት። የመጨረሻው ገጽ ላይ፣ ከባንኩ አርማ ሥር፣ ጳጉሜ አምስቱም ቀኖቿ ተደርድረው ተቀምጠዋል።

«ይኸውላችሁ፣ ታውቋታላችሁ» አልኩት።

«እሱን የሚያሳትመው የማስታወቂያ ክፍል ነው፣ ቲቸር። እኛ ብድር ክፍል ነን።»

«አንተ ልጅ» አለችው እናቴ በቀስታ፣ «ይህ ሲስተም የት አገር ነው ያደገው?»

«ውጭ አገር ነው እማማ።»

«እንዲህ በለኛ። እናት አልነገረችውም። ታዲያ አንተ ለምን አትነግረውም?»

ልጁ አንገቱን ደፋ። ክፉ ልጅ አይደለም። «እኛ መንገር አንችልም እማማ፣ እሱ ነው ለእኛ የሚነግረን» አለ። እውነት ነው የተናገረው፤ እኔ ግን በዚያች ሰዓት እውነት የምሰማበት ጆሮ አልነበረኝም። «ደንበኛ ንጉሥ ነው» የሚለውን የግድግዳ ጽሑፍ እያየሁ፣ ንጉሥስ አገሩ ላይ ምን እንደደረሰበት እናውቃለን ብዬ ወጣሁ።

ከዚያ ማመልከቻ ጀመርኩ። ማመልከቻ ጻፍኩ፤ ግልባጭ ለወረዳ፣ ግልባጭ ለቅሬታ ሰሚ። ስብሰባም ተጠራን፤ አንድ ካድሬ «ይህ የመልካም አስተዳደር ችግር ነው፣ ተገምግሟል» አለን። ተገምግሟል ማለት አልቋል ማለት መስሎኝ ደስ ብሎኝ ነበር። በነሐሴ ትምህርት ቤት ዝግ ስለሆነ ደብረ ብርሃን ወርጄ የብድሩን ኃላፊ ራሱን ላነጋግር ተነሣሁ። በዶልፊን ሚኒባስ፣ በጭጋግና በጭቃ፣ ሞላሌ ላይ ጎማ ተበሳብን፤ ከመንገደኛው ጋር መኪናውን ስገፋ ሙዳዩን ብብቴ ሥር ሸጉጬ ነበር።

ኃላፊው ሙሉ ልብስ የለበሰ ጨዋ ሰው ነው። ደረሰኞቹን በጣቱ ጫፍ ገፋ ገፋ አደረጋቸው። «በሲስተማችን የማይታወቅ ቀን ያለበት ሰነድ ተቀባይነት የለውም» አለ። «ደግሞ ቀለማቸው ፈሷል። ሌላ ሰው ቢሆን ሐሰተኛ ሰነድ ነው ብሎ ለፖሊስ ይመራው ነበር።»

«የሩፋኤል ዝናብ ነው ያፈሰሰው» አልኩ። እንዲህ ዓይነት መልስ በዚያ ቢሮ ተሰጥቶ የሚያውቅ አይመስለኝም።

ሰውዬው አዘነልኝ መሰለኝ። «እኔ የምመክርዎት» አለ፣ «እናትዎ ክፍያ አለመፈጸማቸውን አምነው፣ ይቅርታ ጠይቀው ይፈርሙ። ቅጣቱን እናነሳላቸዋለን። ዋናውን በሌላ አሥራ ሁለት ዓመት ይከፍላሉ።» ቅጹን ከመሳቢያው አውጥቶ ሰጠኝ። ተቀበልኩት። እውነቱን ልናገር፣ በመንገድ ሁሉ ያሰብኩት እንዴት ብዬ እንደማስፈርማት ነበር። ደክሞኝ ነበር። አሥራ ሁለት ዓመት በኔ ደመወዝም ቢሆን ይከፈላል፣ ቤቱ ብቻ ይትረፍ አልኩ።

ቤት ገብቼ ነገርኳት። እሷ ምድጃው አጠገብ ሱፍ ትፈትል ነበር፤ እንዝርቷን አላቆመችም።

«አልከፈልኩም ብዬ ልፈርም?»

«ለስሙ ነው እማዬ። ቤቱ እንዲተርፍ።»

«አሥራ አንድ ሩፋኤል ዝናብ መትቶኝ፣ አልከፈልኩም ብዬ?»

«ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁ፤ ንቀውናል፣ አልቋል! ከባንክ ጋር ማን ተከራክሮ አሸነፈ?» ጮህኩባት። እናቴ ላይ ጮህኩ።

እንዝርቷን አኖረች። «ስሚ» አለችኝ። «በውሸት የተረፈ ቤት የአከራይ ቤት ነው። ከዚያስ ሬሳዬ በየትኛውም በር ይውጣ።» ከዚያ ወዲያ አላናገረችኝም። ማታውን ራቴን ሰጠችኝ፤ ስትሰጠኝ ግን አላየችኝም። ቅጹን አጣጥፌ መጽሐፌ ውስጥ ከተትኩት። በሕይወቴ እንደዚያ ቀን አፍሬ አላውቅም።

ሳምንት ሳይሞላ የሐራጁ ማስታወቂያ ተለጠፈ። ባንኩ በር ላይ፣ ቀበሌው ላይ፣ የእኛው አጥር ላይ። የእኛ አጥር ላይ የለጠፈው ዘበኛ «ይቅር በሉኝ፣ ታዝዤ ነው» እያለ ነበር የሚለጥፈው። እናቴም «አጥብቀህ ለጥፈው ልጄ፣ ነፋሱ ይወስደዋል» አለችው። ሰውዬው ሊያለቅስ ምንም አልቀረው።

«አንብቢልኝ» አለችኝ።

የቤቱን ስፋት አነበብኩ፣ የመነሻውን ዋጋ አነበብኩ። «…ጳጉሜ አራት ቀን ከጠዋቱ በአራት ሰዓት በቦታው ይሸጣል።»

«በስንት ቀን አልሽ?»

«ጳጉሜ አራት።» አሁንም አልገባኝም። የአራተኛ ክፍል አስተማሪዋ እኔ ነኝ እንግዲህ።

እናቴ ወደ ወረቀቱ ጠጋ ብላ፣ ማንበብ እንደምትችል ሁሉ አየችው። «እንዴ!» አለች። «ሲስተም ጳጉሜን አያውቅም አላላችሁም?»

ያኔ ገባኝ። ለምን በጳጉሜ እንዳደረጉት ግልጽ ነው፤ በመንዝ ቤት የሚገዛ ገንዘብ በገዢው እጅ የሚገኘው ያኔ ብቻ ነው። ሲቀበሉ ጳጉሜ የለችም፣ ሲሸጡ አለች። በጅብ ቆዳ የተሠራ ክራር ቅኝቱ ሁሉ እንብላው እንብላው ነው። እናቴ ግን እንደኔ ለስድብ ጊዜ አላጠፋችም። ነጠላዋን አጣፍታ «የኔታን ጥሪልኝ፣ እንሂድ» አለች።

ሦስታችን ገባን። ተማሪዬ ሲያየን ከወንበሩ ተነሣ። እናቴ ኃላፊውን በስልክ አገናኘኝ አለችው። ልጁ አንዴ እኔን አንዴ የኔታን አየና ደወለ፤ ስልኩን ጠረጴዛው ላይ አድርጎ ድምፁን ከፈተው። ይህን ማድረግ አልነበረበትም፤ ለዚህ እስከ ዛሬ አመሰግነዋለሁ። ወረፋ የያዘው ገበሬ ሁሉ ጆሮውን አቀና።

«ጌታዬ፣ እንደምን ዋሉ» አለች እናቴ። «ቤቴን የሚሸጡት በስንት ቀን ነው?»

«ማስታወቂያው ላይ አለ እኮ እናቴ። በጳጉሜ አራት።»

«እሱ ቀን አለ?»

«ምን ማለት ነው? አለ እንጂ!»

«እግዜር ይስጥልኝ» አለች። «አራት ካለ ሦስትም አለ። እኔ የከፈልኩት በሦስት ነው።»

ከወረፋው መካከል አንድ ሽማግሌ «እሰይ! ልክ ነው!» አለ። ከስልኩ ድምፅ ስላልመጣ የኔታ መስመሩ የተቋረጠ መስሏቸው ወደ ስልኩ ጎንበስ አሉና፣ ጳጉሜ በባሕረ ሐሳብ እንዴት እንደምትወጣ፣ በየአራት ዓመቱም ለምን ስድስት እንደምትሆን ሊያስረዱ ጀመሩ። ኃላፊው እስከ ስድስተኛዋ ቀን ድረስ ሰማቸው። ከዚያ «ሐራጁ ለጊዜው ይቆይ» አለ።

ለጊዜው የተባለው ለዘላለም ሆነ። ደብዳቤ ጻፉልን፤ «በቴክኒክ ችግር ምክንያት» ይላል፤ ይቅርታ የሚል ቃል ግን አጉሊ መነጽር ይዤም አላገኘሁበትም። ክፍያዎቿን ሁሉ አስገቡላት። ሲስተም ግን አሁንም የውጭ አገር ሰውነቱን አልለወጠም፤ ስለዚህ ጳጉሜ ሦስት የነበረውን ሁሉ ነሐሴ ሠላሳ ብለው ጻፉት። «በየዓመቱ ሦስት ቀን ቀድመው ነው የከፈሉት፣ ምስጉን ደንበኛ ነዎት እማማ» አላት ልጁ እየሳቀ። እሷ አልሳቀችም። «ነሐሴ ሠላሳ ሙክቶቼ አልተሸጡም ነበር» አለችው።

የመጨረሻውን ክፍያ በዚያው ዓመት ከፈለች። በሌላ ቀን ቢያደርጉት ብለው ለመኗት፤ አሻፈረኝ አለች። በሩፋኤል፣ እየተንጠባጠበች ገባች። ከኋላዋ ደግሞ የጳጉሜ ደረሰኛቸውን ይዘው የተሰለፉ ሰዎች እስከ ውጭ በር ደርሰው ነበር። ስንወጣ ወደ ልጁ ዞር ብላ «ሲስተምን ሰላም በለው፣ ቂም አልያዝኩበትም» አለችው።

የቤቱ ካርታ፣ ማለትም የባለቤትነት ወረቀቱ፣ ከዋናው መሥሪያ ቤት በሁለት ወር ይመጣል ተባለ። ሁለት ዓመት አለፈው። እኔ መመላለሱ ሲሰለቸኝ እናቴ ግን ግድ አልነበራትም። «ቤቱ እዚህ ነው፣ ወረቀቱ አዲስ አበባ ይኑር፣ ዓለም ይይ» ትላለች።

በዚያ በሁለተኛው ዓመት በነሐሴ መጨረሻ ታመመች። በጳጉሜ አንድ አልጋዬን ወደ በሩ አዙሩልኝ አለች። በጳጉሜ ሁለት፣ በጎቿ ስንት እንዳወጡ ጠየቀችኝና ተሸውደሻል ብላ ተቆጣችኝ። በሦስት፣ በሩፋኤል፣ አቅፌ በፊት ለፊት በር አወጣኋትና ዝናቡ ፊቷ ላይ ወረደ። ሕፃን ታህላለች፣ ክብደት የላትም። ዓይኗን ጨፍና ሳቀች። ያን ምሽት «ያን ቀን ስለ ቅጹ የጮህሽብኝን ረስቼዋለሁ» አለችኝ። እኔ ግን የረሳችው አልመሰለኝም ነበር፤ እስኪነጋ አለቀስኩ። በጳጉሜ አራት ጠዋት አረፈች። ድንኳኑን በሯ ላይ ተከልን፣ ማንም ገድ አይደለም አላለም። በአምስት በገዛ ቤቷ፣ በፊት ለፊት በር፣ ቀና ብለን አወጣናት።

ከመስቀል በኋላ የሞት ምስክር ወረቀቷን ይዤ ለካርታው ባንክ ሄድኩ። ተማሪዬ ቆሞ «እግዜር ያጽናዎት ቲቸር» አለኝ። ሲስተም ነበር። ስሟን ጻፈ። የሞተችበትን ቀን ጻፈ። ጠበቀ። ደግሞ ጻፈው። ከዚያ እጁን ከኮምፒዩተሩ ላይ አንስቶ ጭኑ ላይ አደረገ፤ ቀና ብሎ አያየኝም።

«አይቀበልም?» አልኩት።

«አይቀበልም። ቲቸር፣ እንደዚያን ጊዜው… ነሐሴ ሠላሳ ልበለው? ካርታው ዛሬውኑ ይለቀቅልዎታል።»

አሰብኩበት፤ አላሰብኩም አልልም። ነሐሴ ሠላሳ ካለው አልጋዋን ወደ በሩ ያዞርንበት ቀን የለም። በበጎቹ የተቆጣችኝ የለም። ዝናቡ የለም፣ ሳቋ የለም፣ የማረችኝ ማታ የለም። ገንዘቧን ሲውጡ የታገልኩ ሰው እነዚያን አራት ቀኖች በገዛ እጄ ልሰጣቸው ነው?

«አትበለው» አልኩት።

«ታዲያ ካርታው…»

«ይቆያ። አልሞተችም በለው እንግዲህ።»

ወረቀቴን ይዤ ወጣሁ። ቤቱ ውስጥ አሁን የምኖረው እኔ ነኝ፤ ካርታው አዲስ አበባ ነው፤ እናቴ በባንኩ ዘንድ ዕዳ የሌለባት፣ በሕይወት ያለች ደንበኛ ናት። ስልኳን አልዘጋሁትም። በየዓመቱ መስከረም አንድ ጠዋት «ውድ ደንበኛችን፣ እንኳን ለአዲሱ ዓመት በሰላም አደረሰዎ» የሚል መልእክት ይደርሳታል። ሲስተም ነው የሚልክላት። ብትሰማ «ተባረክ፣ ቀስ በቀስ ሰው እየሆነ ነው» ትል ነበር።